የግራ ባቴ ጉዳይ

አዲስ አበባ፣ አንድ የግል ክሊኒክ፤ ፖሊዮ በሕፃንነቷ የግራ እግሯን ያቀጠነባት የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር እማዋይሽ፣ ባቷን በሲሊኮን ሊሞላላት አሁን እምቢ ካላት ቀዶ ሐኪም ከዶክተር ሙሉዓለም ፊት ተቀምጣለች።

እማዋይሽ፦ ምክንያቱን ይንገሩኝ። «አልሠራም» ምክንያት አይደለም።

ዶክተር፦ ነገርኩሽ እኮ። እግርሽ ይሞላል እንጂ አይበረታም።

እማዋይሽ፦ ይበርታልኝ ያለ ማን ነው?

ዶክተር፦ ሁሉም መጀመሪያ እንደዚያ ይላል።

እማዋይሽ፦ ከእኔ በፊት የወጣው ጎረምሳ ምን ሊያሠራ መጥቶ ነው?

ዶክተር፦ የሌላ ታካሚ ጉዳይ አይነገርም።

እማዋይሽ፦ እሱ ራሱ ነገረኝ። ሱሪውን ሰብስቦ አሳየኝ እንጂ። ስፖርት ሠርቶ ደረቱ ሰፋ፣ ባቱ እምቢ አለው። ሁለቱንም ሊያስሞላ ነው። ባቱ እኮ ዳቦ ያክላል!

ዶክተር፦ እሱ የሚፈልገው መልክ ነው። መልኩን ያገኛል፣ ይሄዳል። የታመመ ሰው ግን ተስፋ ያደርጋል።

እማዋይሽ፦ ስለዚህ ደህናው ይሠራለታል፣ የቀጠነበት ደግሞ ተስፋ እንዳያደርግ ይከለከላል። ስንት ዓመት ሰበብ ሰማሁ፤ አርፍዶ የመጣ ተማሪ እንኳ እንዲህ ያለ አምጥቶልኝ አያውቅም።

ዶክተር፦ አትቆጪ።

እማዋይሽ፦ አልተቆጣሁም።

ዶክተር፦ ጠረጴዛዬን እየደበደብሽው ነው።

እማዋይሽ፦ ጠረጴዛው ራሱ ነው የሚወዛወዘው። አንድ እግሩ አጭር ነው። ካርቶን አጥፈው አስገብተውለታል፤ ለእሱ ሲሆን አላቅማሙም።

ዶክተር፦ ጠረጴዛው መሮጥ አያምረውም።

እማዋይሽ፦ እኔም አያምረኝም።

ዶክተር፦ ረጅም ቀሚስ ብትለብሺስ?

እማዋይሽ፦ ይኸው ለብሻለሁ። ታክሲ ስገባ ግን ሰብስቤ መያዝ አለብኝ። ያኔ ሁሉም ያየዋል።

ዶክተር፦ እሺ፣ ስሚኝ። ከጉልበትሽ በስተኋላ እቀድና ሲሊኮኑን ከጡንቻው ሽፋን ሥር አስገባለሁ። የቀጠነ እግር ቆዳው ጠባብ ነው፤ ባንድ ጊዜ ላይበቃው ይችላል፣ እንደገና መቅደድ ይኖርብናል። ሊያመረቅዝብሽም ይችላል። ይህን ሁሉ ችለሽ ስትነሺ፣ ታነክሻለሽ። ልክ እንደ ዛሬው።

እማዋይሽ፦ አውቃለሁ።

ዶክተር፦ አታውቂም። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሰው ይነሳልሻል።

እማዋይሽ፦ «እግዜር ይማርሽ» እያለ። አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ብብቴን ይይዛል፣ ወያላው «ለበሽተኛዋ ጠጋ በሉላት!» ብሎ ይጮኻል። ጉንፋን እንኳ ይዞኝ አያውቅም።

ዶክተር፦ ያ ሁሉ ይቀርብሻል። ማንም አይነሳልሽም።

እማዋይሽ፦ እሰይ።

ዶክተር፦ እሰይ አትበዪ። ሁለቱ እግሮችሽ ይመሳሰላሉ፣ አንቺ ታነክሻለሽ፣ ያየሽ ሁሉ ግራ ይገባዋል። መንገድ ላይ እያስቆመ «ምን ሆነሽ ነው?» ይልሻል።

እማዋይሽ፦ ይጠይቀኛል?

ዶክተር፦ ያገርሽን ሰው አታውቂውም? የማያውቅሽ ሁሉ ይጠይቅሻል። ይሰለችሻል።

እማዋይሽ፦ ዶክተር፣ እኔን «ምን ሆነሽ ነው?» ያለኝ ሰው የለም። እግሬን ያያሉ፣ የሆንኩትን ያውቃሉ፣ ከንፈራቸውን መጠው ያልፋሉ። አበቃ።

ዶክተር፦ እና ሲጠይቁሽ ምን ልትያቸው ነው?

እማዋይሽ፦ «ወለም ብሎኝ ነው፤ እስከ ነገ ይሻለኛል።»