ያልሟሟው ጨው

(በአንዲት የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለች ጓዳ፤ አዲሷ የኬሚስትሪ መምህርት ሕሊና እና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ይርዳው፣ ቅጥሯ የሚጸድቅበት ግምገማ ሊጀመር ሲል።)

ሕሊና፦ ገምጋሚውን አሟታል ይበሏቸው፣ ጋሽ ይርዳው። ውሸት አይሆንብዎትም፤ እጄ ዝሏል።

ይርዳው፦ በምን?

ሕሊና፦ በማማሰል። ይህ ኮፐር ሰልፌት የተባለ ጨው አልሟሟ ብሎኝ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ገንፎ አማስለዋለሁ።

ይርዳው፦ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ምን ያህል ውሃ ሰጠሽው?

ሕሊና፦ ያለኝ ጨው ዜሮ ነጥብ አንድ ሞል ነው። የምፈልገው የብጥብጡ ጥንካሬ ዜሮ ነጥብ አምስት ሞላር። ስለዚህ ሃምሳ ሚሊ ሊትር።

ይርዳው፦ ሃምሳ ከየት መጣ?

ሕሊና፦ አንዱን በሌላው ሳባዛው...

ይርዳው፦ ቀጥይ፣ እየሰማሁ ነው።

ሕሊና፦ ሳባዛው። ወይ እኔ።

ይርዳው፦ ትናንት ለክፍሉ ምን ብለሽ ነበር ያስተማርሽው?

ሕሊና፦ «ይዘቱን ለማግኘት ሞሉን ለሞላሪቲው አካፍሉ።» በቀይ ጠመኔ ሁለቴ አስምሬበታለሁ። ለካ ለራሴም ማስመር ነበረብኝ።

ይርዳው፦ ሲካፈልስ?

ሕሊና፦ ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር። ውሃ የጠማውን ጨው ነው ጠባየ ቢስ እያልኩ ስሰድብ የዋልኩት።

ይርዳው፦ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አንቺ ደግሞ ምንም አላፈሰስሽም። ውሃ ጨምሪና ሁለት መቶው ምልክት ላይ አድርሺው፤ አለቀ።

ሕሊና፦ አለቀ?

ይርዳው፦ ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ደስ ሊልሽ ሲገባ።

ሕሊና፦ ሰበብ አገኘሁ ብዬ ነበር።

ይርዳው፦ እንግዲያው ያስፈራሽ ጨው አይደለማ።

ሕሊና፦ ገምጋሚው ናቸው። እኔ እኮ ተማሪ ፊት እንኳ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ነው የማስተምረው። ልጆቹ የሚያውቁት ጀርባዬን ነው፤ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ሲያገኙኝ ሰላም አይሉኝም።

ይርዳው፦ ስሚ ልጄ፣ ዛሬ ክፍል ካልገባሽ ቅጥርሽ አይጸድቅም። ሌላ ቀን ደግሞ አይሰጡሽም። ማንም ሳያይ ጨምሪበት።

ሕሊና፦ አልጨምርም።

ይርዳው፦ ምን ሆነሻል?

ሕሊና፦ እንዳለ ይዤው እገባለሁ። የት ላይ እንደተሳሳትኩ ክፍሉ ይፈልግ። ሁሉም ጨው ያለበትን ቢከር ሲያይ እኔን የሚያየኝ አይኖርም።

ይርዳው፦ ገምጋሚው «መምህርቷ ማባዛትና ማካፈል አትለይም» ብለው ቢጽፉስ?

ሕሊና፦ እውነታቸውን ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ።

ይርዳው፦ ልጆቹ ስህተቱን ባያገኙትስ? አፍጥጠውሽ ቢቀሩስ?

ሕሊና፦ ያኔ ገምጋሚውን ጠመኔ አስይዤ ሰሌዳ ላይ አወጣቸዋለሁ።