የኮሪደሩ ወንበር

«ዛሬ ደግሞ ሻዩን ምን ነካው? ስኳሩ እንደ ሆስፒታል ቀጠሮ ነው… ታች ተኝቶ ይቆይና መጨረሻ ላይ ይደርስሃል። አማስለው እንጂ ወንድሜ። ዳቦውንም ብላ፤ አትፈር። ሹፌር በባዶ ሆዱ መሪ አይጨብጥም።»

ይህን ያለችው የነርሶቹ ኃላፊ ናት። ስትወጋ ታማሚው ሳይሰማው ያልፍና ቤቱ ከገባ በኋላ ስለሚጠዘጥዘው፣ ባልደረቦቿ «ሲስተር መርፌ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ አንደበቷም ከእጇ የተለየ አይደለም። የተቀመጠችው የሆስፒታሉ ሠራተኞች ሻይ በሚጠጡባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ወደ ኮሪደሩ በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ነበር። የምታነጋግረው ደልደል ያለው ሹፌር አፉን በዳቦ ሞልቶ ዓይኑን ብቻ ያንከራትታል። ለማኘኩ ምክንያት ነበረው፤ ከጀርባው፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ አለቃው ተቀምጧል።

አለቃው አሠልጣኝ ነው። ነርሶችና አዋላጆች ሥራቸውን ሳይለቁ፣ በዚያው በሚሠሩበት ሆስፒታል ጥናት መሥራት እንዲችሉ ከዩኒቨርሲቲ እየመጣ ያስተምራል፣ ይመክራልም። በዚያ ቀን ረፋዱ ላይ አንዲት ወጣት ነርስ፣ ታማሚዎች ጠዋት ጠዋት ለምን ብዙ እንደሚጠብቁ ያጠናችው ጥናት ከጤና ቢሮ በሚመጡ እንግዶች ፊት ሊቀርብ ነው። ይሁን እንጂ አሠልጣኙ ትናንት «እንግዶቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ እኔው ባቀርበው ይሻላል» ቢላት፣ ልጅቱ «እሺ» ብላ አንገቷን ደፍታ ወጥታለች። ማጠቃለያውንም በገዛ እጁ አስተካክሎታል፦ በኮሪደሩ የሚታየው ረጅም ሰልፍ ከቦታ ጥበት የመጣ ስለሆነ፣ የቁስል ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ፈርሶ ኮሪደሩ ይስፋ የሚል ነበር። ቁስለኞቹ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ ማጠቃለያው አይናገርም።

አሠልጣኙ ጀርባውን ለሲስተር ሰጥቶ፣ በሸሚዝና በክራቫት ብቻ ተቀምጦ፣ ንግግሩን በልቡ ይለማመድ ነበር። ትንሽ በርዶታል፤ ለምን እንደ በረደው ግን ልብ አላለም።

«የእህቴ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው የመጣሁት» አለች ሲስተር። «ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሆስፒታል ነው የምትሠራው… ሩቅ ነው፤ አንተ አታውቀውም። እዚያ አንድ አሠልጣኝ አሉ አሉ። እንዴት ያሉ ሰው መሰሉህ? የተማሩ ናቸው። የተማሩ ስልህ… ካስተማሩት የተማሩት ይበዛል። ደግሞ ርኅራኄያቸው። ሌላው አሠልጣኝ ሰልጣኙን ሥራ ያሸክመውና ስሙንም ለራሱ ይተውለታል። እሳቸው እንዲያ አይጨክኑም። ሥራውን ለልጅቱ ይተዉላትና የስሟን ሸክም ራሳቸው ይሸከሙላታል። አሁን እንዲህ ያለ አዛኝ ከየት ይገኛል?»

አሠልጣኙ በብርጭቆው ላይ ፈገግ አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ደኅና አድርጎ ያውቀዋል፤ ከእርሱ ጋር በአንድ ቢሮ የሚሠራው፣ ዘወትር የሚቀናቀነው ባልደረባው መሆን አለበት። ደስ ስላለው፣ የበለጠ ለመስማት ወንበሩን በዝግታ ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«ለሰልጣኞቻቸው ምን ብለው እንደሚያስተምሩ ታውቃለህ? ‹የሚያጠና ሰው እንደ ግድግዳ ይሁን፤ ታማሚው መኖራችሁን እንኳ አይወቅ› ይላሉ። ድንቅ ትምህርት ነው። ከዚያ በተግባር ላሳያችሁ አሉ። ነገር በምሳሌ፣ ሻይ በብርጭቆ አይደል? ወንበር አስመጡና ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከካርድ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጡ። ሙሉ ልብስ፣ ክራቫት፣ ነጭ ወረቀት፣ እስክሪብቶ… በቃ፣ ግድግዳ ሆኑ። አንተ ብዙ አገር ነድተሃል፤ እስቲ ንገረኝ፣ ክራቫት ያሰረ ግድግዳ ገጥሞህ ያውቃል?»

ሹፌሩ አዲስ ዳቦ ጎረሰ። የአሠልጣኙ እጅ ሳያዝዘው ወደ ክራቫቱ ሄደ። «ክራቫት የሚያስር ሰው ሞልቷል» ብሎ ራሱን አጽናና። ፈገግታው ግን ከፊቱ ላይ ወዴት እንደ ሄደ አላወቀም።

«አንዲት እናት መጡ። የካርድ መስኮቱ እንደ ልማዱ አልተከፈተም። ነርስ የለም፤ ወንበር ላይ ግን አንድ የተከበረ ሰው አለ፤ እስክሪብቶም ይዟል። አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ? ፊቱ ትቆማለሃ። ቆሙ። ሌላው ደረሰና ‹ሰልፉ በየት ነው?› ቢል ‹ከእኔ ቀጥሎ ነው ልጄ› አሉት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰዉ እስከ በሩ ደረሰ። እሳቸውስ? ግድግዳ አይናገር… ዝም ብለው ‹ሰልፉ ረዘመ› እያሉ ይጽፋሉ። ሰዉ ደግሞ ሲጽፉ ሲያይ ‹እየመዘገቡን ነው› ብሎ ይጠጋጋል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እንሰማ ነበር፤ እኚህ ግን አይታሙም፣ ላሟን ራሳቸው ነድተው መጡ። አንዱማ ቀርቦ ምላሱን አወጣባቸው አሉ… መቼም ለስድብ አይደለም፤ እንዲያዩለት ነው። ምን ያደረጉ ይመስልሃል? አዩለታ። ጨዋ ሰው ናቸው።»

አሠልጣኙ ያን ምላስ አስታወሰው። ነጭ ነበር። እርሱም የሚለው ቢጠፋው አንገቱን በኀዘኔታ ነቅንቆለት፣ ሰውዬው አመስግኖ ሄዷል። ጆሮዎቹ ጋሉ። ተነሥቶ እንዳይወጣ በሩ ያለው በሲስተር በኩል ነው፤ ተቀምጦ እንዳይሰማ ደግሞ ወንበሩን ያስጠጋው ራሱ ነበር።

«ልጅቱ ግን ገባት። ሰልጣኟን ማለቴ ነው፤ የእህቴን ሆስፒታል ሰልጣኝ። እሳቸው በሌሉ ቀን ሰልፍ የሚባል የለም። ሰዉ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ዘግይቶ የሚከፈተውን የካርድ መስኮት እየረገመ ይጠብቃል። ታዲያ እንዴት ብላ ትንገራቸው? መካሪዋ እኮ ናቸው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብለዋል አባቶቻችን… መካሪውን ማን ይምከረው የሚለውን ግን ሳይነግሩን ሞቱ።»

ሻይዋን ፉት ብላ ወደ መስኮቱ ዞር አለች፤ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስላ ከፍ አደረገችው።

«አንድ ቀን ሻይ ሊጠጡ ሲነሡ፣ ወንበሩ እንዳይወሰድባቸው ኮታቸውን አልብሰውት ሄዱ። ሰልፉ ይበተናል ስትል… ሰዉ ለኮቱ ተሰለፈ። እንዲያውም ከኮቱ ፊት ጸጥታው ይብስ ነበር አሉ፤ አንድ ሽማግሌ ብቻ ‹ዶክተሩ ዛሬ ከሳ አሉብኝ› ብለው ተጨነቁ። ልጅቱ ኮቱን አነሣችው፤ ሰዉ ወደ አግዳሚው ተመለሰ። መልሳ ሰቀለችው፤ ሰዉ መልሶ ተሰለፈ። በሌላም ቀን ደገመችው፤ ያው ነው። ጥናት ማለት ይኸው አይደል? ያስተማሯትን ነው የሠራችው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል… እሷ ምስኪን ጎርጉራ ጎርጉራ ኮት አወጣች። ልትነግራቸው ብትሄድ ‹ማጠቃለያው አልቋል› ብለው መለሷት። እንግዲህ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም… ወረቀቱን ማለቴ ነው። ሌላውን አላልኩም።»

ሹፌሩ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዳቦው ትን ያለው መስሎ ለማሳል ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«አሁን እንግዶች ፊት ቆመው ‹ግድግዳው ይፍረስ› ሊሉ ነው አሉ። እህቴ አልቅሳ ነው የነገረችኝ። መስኮት መክፈት ሲቻል ግድግዳ ማፍረስ… ደግሞ እንግዶቹ ‹ሰልፉን እስቲ በዓይናችን እንየው› ብለው ወደ ኮሪደሩ ቢወጡስ? ሰውዬው አዳራሽ ውስጥ፣ ሰልፉ ኮሪደር ላይ፤ መሐሉ ላይ ማን ቆሞ ያስረዳል? ኮቱ? እኔ እንኳ ለእሳቸው ክብር ብዬ ነው የምጨነቀው።»

አሠልጣኙ ለምን እንደ በረደው የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ቀስ ብሎ ዞረና በመስኮቱ አሻግሮ አየ። ኮቱ በኮሪደሩ ጫፍ፣ ከወንበሩ ላይ፣ ትከሻውን ነፍቶ ተቀምጧል። ከፊቱ ሰው ተሰልፏል። ግንባር ቀደም የቆመች አንዲት ሴት የደም ግፊቷ እንዲለካላት እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷን ለኮቱ ዘርግታ፣ በትዕግሥት ትጠብቅ ነበር።

ተነሣ። ጥናቱን የሠራችው ወጣት ነርስ፣ ቦርሳውን ልትይዝለት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማቅረቢያው ያለበትን ፍላሽ ከሸሚዝ ኪሱ አውጥቶ በመዳፏ ላይ አኖረላትና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አላት። ያላትን ሹፌሩም ሲስተርም አልሰሙም፤ ትናንት የተደፋው አንገት ቀና ማለቱን ግን ሁለቱም አዩ። ልጅቱ ፍላሹን ጨብጣ፣ ሮጥ ሮጥ እያለች ወደ አዳራሹ ሄደች።

አሠልጣኙ ኮቱን ሊያነሣ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እጁን ገና ከመዘርጋቱ፣ አንድ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ደረቱ ላይ ምርኩዛቸውን አጋደሙ።

«ወንድሜ፣ ሰው እኮ ተሰልፏል።»

«ኮቱ የእኔ…» ብሎ ጀመረ።

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው። ከኋላ ግባ።»

ያለ ኮቱ ማን ይወቀው? ግራና ቀኝ አየ፤ ከዚያም ክራቫቱን አስተካክሎ ወደ ኋላ ሄደና ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ። ሹፌሩ ዳቦውን ተፋ። የሲስተር ድምፅ በተከፈተው መስኮት በኩል እንደ ማር እየተንጠባጠበ ደረሰው።

«ብቻ ወንድሜ፣ ያን የእህቴን ሆስፒታል ሰው መንገድ ላይ ካገኘሃቸው ሰላም በልልኝ። ልበ ቀና ናቸው። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፣ ተራቸውን ያድርስላቸው። እሳቸው ደክሟቸው መምጣቱን ቢተዉ እንኳ… ኮታቸውን ያኑርልን።»