ቀብሩ ላይ አልቆምም ያልኩ ዕለት

ሄሎ… ማን ልበል?… ትርንጎ! እታለም፣ በስንት ጊዜሽ! እዚያ ገሳይ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ወይስ ወንድምሽን ረስተሽ?… ምን አልሽ?… ዓለሚቱ፣ የስፌት መኪናውን አቁሚው እስቲ፣ እህቴ ናት፣ አልሰማ አለኝ!

ሄሎ… አሁን ይሰማል። ምነው፣ ለምን ታለቅሻለሽ?… ማን?… ካሴ?… የኛ ካሴ?

…

መቼ?… ትናንት ተቀበረ?… ወንድሜን ቀብራችሁ ነው የምትደውይልኝ? ከደብረ ታቦር ገሳይ ሩቅ ነው? መኪና ጠፍቶ ነው?

እንዴት "አልመጣም ብለሃል" ትይኛለሽ?… አዎ፣ ብያለሁ። ሊያስታርቁን የመጡት ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ፣ "ቢሞት ቀብሩ ላይ አልቆምም" ብዬ ምያለሁ። ተናድጄ እኮ ነው!… አውቃለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ አንድ በሬ፣ እኔ አንድ በሬ፣ አቀናጅተን ስናርስ ኖረን፣ በሰኔ የኔን ሸጬ ከተማ ገባሁ። መሬቱ ጦም አደረ። ግን ሰው ፊት "ከሃዲ" ሲለኝ ደሜ ፈላ… አራት ዓመት ሙሉ ያችን ቃል ይዘሽ ኖርሽ?

… አዎ፣ ያን ዕለት ከልቤ ነበር፣ አልዋሽሽም። እውነት የማልመጣ መስሎኝ ነበር። አሁን ይኸው… ዓለሚቱ፣ ወንበር አምጪልኝ። ካሴ ሞተ። አዎ፣ ታላቄ… ወይኔ ወንድሜን!

ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?… ታሞ ጠራኝ?… ምን ብሎ?… "ንገሩት፣ አፉ ነው እንጂ ይመጣል" አለ?… አንቺስ?… "ምሏል፣ አይመጣም" አልሽው።

…

ተይ፣ አታልቅሽ። አንቺ ምን አጠፋሽ? የነገርኩሽን አመንሽ። እሱ ነው ያላመነኝ፤ ልክም እሱ ነበር።

የነገው ሠልስት?… ተይ፣ ትመጣለህ ወይ ብለሽ አትጠይቂኝ። ካሁን ወዲያ እንዲህ አደርጋለሁ፣ እንዲያ አላደርግም የሚል ቃል ካፌ አይወጣም… ዓለሚቱ፣ ጋቢዬን አቀብይኝ። ይኸው ተነሣሁ፣ የተሰፋውን ሱሪ ደንበኛው ሲመጣ ራስሽ ስጪው።

ምን አልሽ?… ድምፅሽ እየተቆራረጠ ነው… ካሴ "አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ" አለ?… አዞራችሁለት?… እና ስንት ቀን?

ሄሎ?… ትርንጎ፣ ስንት ቀን ጠበቀኝ?… ሄሎ… ሄሎ…