በጃኬቱ የተለየው ሟች

ከተከላካይ ጠበቃ ጋር የምሠራ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ። በስርቆት ለተከሰሰው ቶሎሳ ዋስ ላፈላልግ ቡራዩ እናቱ ቤት ሄድኩ። ጥቁር ለብሰው ከፈቱልኝ። «አዴ፣ ቶሎሳ ነው የላከኝ» አልኳቸው።

«ቶሎሳን እኮ ቀበርኩት! ገፈርሳ ውሃው ውስጥ ተገኘ፤ ፊቱ ባይለይም በጃኬቱ አወቅኩት።»

ቶሎሳ ዛሬ ጠዋት ከእስር ቤት የጻፈላቸውን ደብዳቤ ሰጠኋቸው። የእጅ ጽሑፉን አወቁት። እልል ይላሉ ስል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ታዲያ የማንን ልጅ ነው የቀበርኩት?» አሉኝ።

እስር ቤት ተመልሼ ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። «ከመታሰሬ በፊት ጃኬቴን ለጓደኛዬ ለደረጀ አውሼው ነበር» አለ። ቀጥሎም፣ «እናቱ ሰበታ ናቸው። የኔ ዋስ ይቆይ እህቴ፤ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሂጂ» አለኝ።