ዶክተር ተብላ ያደገች ልጅ

ከአል ዓይን ወደ አቡዳቢ በአውቶቡስ ስንመጣ፣ በኮሮና ምክንያት ባዶ በተተወው ወንበር ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት የሀገሬ ሴቶች ስዌይሃን የምትባል ከተማ ስንደርስ ጭቅጭቅ ገጠሙ። አንዷ አል ማቃም ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ሌላዋ ሆቴል።

«ልጄን ግብርና መደቡብኝ!» አለች የአል ማቃሟ።

«ዩኒቨርሲቲ ገባች አይደል? እንኳን ደስ አለሽ!»

«የምን ደስታ? ከሕፃንነቷ ዶክተር እያልን ያሳደግናት ልጅ አፈር ልትቆፍር?»

«እና ምን አልሻት?»

«ኸላስ፣ በቃ ቅሪ አልኳት። ለከርሞ እንደገና ትፈተን። ሕክምና ካልደረሳት ወድቃለች ማለት ነው።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ወንድሜ። እሱ ኮሌጅ ያውቃል።»

«ተምሮበት ነው?»

«በሩ ላይ ሱቅ አለው።»

«ወይ ጉድ! ምዝገባው መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ነገ።»

«ነገ! አንቺ ሴትዮ፣ እስቲ በመስኮት ያንን እርሻ እዪ። እዚህ አሸዋ ላይ ቲማቲም ዝም ብሎ የበቀለ መሰለሽ? ግብርና የተማረ ሰው ነው ያበቀለው!»

«አንቺን ምን አገባሽ?»

«ያገባኛል! እኔንም ሕክምና ካልሆነ ቅሪ ብለውኝ ነው ዛሬ የሰው አልጋ የማነጥፈው።»

ወዲያው የእናትየው ስልክ ጮኸ፤ ስክሪኑ ላይ «ዶክተር» የሚል ስም በራ።

«አንሺው እንጂ!»

ማስኳን ዝቅ አደረገች።

«ሄሎ፣ ዶክ...» ብላ አቋረጠች። «ሄሎ ቤቲዬ። ሻንጣሽን አዘጋጂ፤ ዛሬውኑ ተሳፈሪ።»

እኔ ደግሞ እንባዬ እንዳይታይ ማስኬን ወደ ላይ፣ እስከ ዓይኔ ድረስ ሳብኩት።