የአይጧ ኩላሊት

ስድስተኛ መኸሬን ሰሊጥ አጭጄ ከመተማ ዮሐንስ በሚኒባስ ወደ ደጋ ስመለስ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ባለማሳ ከአንዲት ተመራማሪ ጋር ይጨዋወታሉ።

«አይጥ ነው የምትመረምሪው ያልሽኝ፣ ልጄ?»

«አዎ አባቴ፣ ውጭ አገር ስማር። ኩላሊቷ ምን ያህል እንደሚሠራ እንለካለን።»

«አርዳችሁ?»

«ሳንገድላት። ትንሽ ጨረር ያለው መድኃኒት እንወጋታለን። መድኃኒቱ ኩላሊቷ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ በካሜራ ይታያል፤ ግራውም ቀኙም ለየብቻ።»

«ደህና ስትሆን መለካቱ ምን ይረባል?»

«በደህናዋ ቀን እንለካታለን። ከዚያ ሙቀት ውስጥ አስገብተን ውሃ እናዘገይባትና እንደገና እንለካታለን።»

«እና?»

«መድኃኒቱ ቶሎ አይወጣም። ኩላሊቷ ደክሟል ማለት ነው።»

«ውሃ ስትጠጣስ ይመለስላታል?»

«መጀመሪያ ላይ ይመለሳል። ሲደጋገም ግን ይጎዳል።»



«እኛ ዘንድ ጀሪካኑ የሚቀመጠው ከማሳው ጫፍ ነው። አጫጁ ውሃው ጋ ለመድረስ ሲል ይፈጥናል።»

«ማን ያመጣው ዘዴ ነው?»

«እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼም ከእኔ አይተው ነው የያዙት።»

 ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«ጀሪካኑን ከጫፍ አንሳና አጫጆቹ መሀል አድርገው። ... አዎ፣ አሁን። ... ቢዘገዩም ይዘግዩ።»

ስድስቱንም መኸር ጀሪካኑን ከማሳው ጫፍ እያየሁ ነበር ያጨድኩት፤ እጄ ሳላስበው ወደ ጎኔ ሄደ።