ማዳምና የገና መብራት

ደሴ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን ከቀትር በኋላ፤ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ዘርትሁን በሱቃቸው መስኮት ላይ የቆመችውን፣ ራስና እጅ የሌላትን አሮጌ የልብስ መለኪያ የጨርቅ ገላ ከተሸለመችበት የገና መብራት እየፈቷት ሳለ የሻረግ ትገባለች።

የሻረግ፦ ይተዉት እትዬ! ለምን ይፈቱታል? በሞቴ፣ እጅዎን ያንሱ።

ዘርትሁን፦ ሱቁ ዝግ ነው። ሱሪ ለማሳጠር ከሆነ ከበዓል በኋላ ነይ።

የሻረግ፦ እስቲ ዘወር ብለው ይዩኝ።

ዘርትሁን፦ ወይኔ ጉዴ! የሻረግ?

የሻረግ፦ እኔው ነኝ።

ዘርትሁን፦ ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! በዚህ ሰዓት፣ ይቺን ማዳም አቅፌ ቆሜ! ይሄን ያደረገችው ምራቴ ናት፣ የሻረግ። በልጄ እምላለሁ፣ እኔ አይደለሁም። ሰብለ ናት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆይቼ ስመለስ ማዳምን ከዕቃ ቤት አውጥታ፣ አቧራዋን አራግፋ፣ መብራት ጠምጥማባት ቆየችኝ። «እማዬ፣ አሁን እኮ የሚፈለገው አሮጌ ዕቃ ነው፤ ሰው አብሯት ፎቶ ሊነሳ ይሰለፋል» ትለኛለች።

የሻረግ፦ እውነቷን ነው። አሳምራታለች።

ዘርትሁን፦ አትቀልጂብኝ።

የሻረግ፦ አልቀለድኩም። አንገቷ ላይ ኮከብ መትከሏን አዩት? ራስ ለሌላት ሰው ከዚህ የተሻለ ባርኔጣ የለም።

ዘርትሁን፦ ልጅቷ ምን ታውቃለች? ከኮምቦልቻ ተድራ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ያንን ጉድ ማን ይነግራታል? እኔ ልንገራት? «ይቺ እናቴ ከአርመኗ ሰፊ የገዛቻት ማዳም የሰው ሠርግ አፍርሳለች፤ አጋዧም እኔ ነበርኩ» ልበላት? ኧረ ይሄ ገመድ ጫፉ የት ገባ?

የሻረግ፦ ያምጡት፣ እኔ ልያዝልዎ።

ዘርትሁን፦ ምን እያደረግሽ ነው? እኔ ስፈታ አንቺ መልሰሽ ትጠመጥሚያለሽ?

የሻረግ፦ ትከሻዋ ላይ ላልቶ ነው።

ዘርትሁን፦ ገባኝ። ልትቀጪኝ ነው የመጣሽ። ቅጪኝ፣ ደግ አደረግሽ። ያንን ጥጥ ደግሞ አየሽው?

የሻረግ፦ ይሄ የፈረንጅ በረዶ መሆኑ ነው?

ዘርትሁን፦ በረዶ ብቻ ቢሆን ምን ገዶኝ! ከማዳም ሆድ ያወጣችው ነው። ያንቺ ጥጥ ነው።

የሻረግ፦ የኔ?

ዘርትሁን፦ ያንቺ። ሰፊ ደንበኛዋን በየቀኑ ጠርታ አታስቆማትም። ማዳምን ነው በደንበኛዋ ልክ ጥጥ እየሞላች፣ በጨርቅ እየጠቀለለች የምትሰፋባት። ያን ጊዜ በልክሽ እንደሞላኋት ዕቃ ቤት አስገብቼ ቆለፍኩባት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ጥጡን ለማውጣት እንኳ ልቤ እምቢ አለ። ሰብለ ዛሬ ጠዋት ጨርቁን ፈትታ፣ «እማዬ፣ ይቺ ሴትዮ ነፍሰ ጡር ነበረች እንዴ?» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

የሻረግ፦ ምን አሏት?

ዘርትሁን፦ ሽንኩርት አረረብኝ ብዬ ወጣሁ።

የሻረግ፦ አረረ?

ዘርትሁን፦ ምን ተጥዶ!

የሻረግ፦ ነገሩን ከእርስዎ አፍ ሰምቼው አላውቅም፣ እትዬ። ከሰው ነው የሰማሁት።

ዘርትሁን፦ ምኑን ልንገርሽ? አፌን ሞልቼ የምናገረው ነገር መሰለሽ? ለጥር ልትዳሪ ነው። የሙሽራው ቤተሰብ፣ እነግራዝማች፣ የጥሎሹን ዳንቴል ለዘመድ አዝማዱ አሳይተው፣ ያልዳሰሰው ጎረቤት የለም። ያን ዳንቴል ደሴ በሙሉ ያውቀዋል። ቬሎውን ስፊ ተብሎ ለእኔ ተሰጠኝ። አንድ ጊዜ ለካሁሽ። በሦስተኛው ሳምንት ስለካሽ ወገብሽ አራት ጣት ጨምሯል። ገባኝ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ለባሌ እንኳ። ከደረት ሥር የሚለቀቅ፣ እጥፋቱ የበዛ ቀሚስ ቀደድኩልሽ። ለብሰሽው ስትቆሚ ሆዱ ለእኔ ለራሴም አይታየኝም ነበር።

የሻረግ፦ ማወቅዎን አውቄ ነበር። ለዚህ ነበር ስለካ ቀና ብዬ የማላይዎት።

ዘርትሁን፦ አፌን ቆለፍኩ፤ እጄ አወራ። ለገና ብዬ ያን መብራት ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ያኔ እንዲህ ያለ ጌጥ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው የለም። ልታይ ልታይ አለኝ! ቬሎውን ማዳም ላይ አለበስኩት። መብራቱን ከላይ ብጠመጥመው ዳንቴሉን ጋረደብኝ፤ ከቀሚሱ ሥር ከተትኩት። ገና ፀሐይ ሳለች ወጥቼ አየሁት፤ አማረ። በቀን አምፖል ምን ያሳያል? ሲመሽ ነጭ ጨርቅ ከውስጥ ሲበራበት የያዘውን ሁሉ እንደሚያወጣ እኔ ሰፊዋ እንዴት ጠፋኝ? አመሻሽ ላይ ዘግቼ ለዋዜማ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሕዝቡ ደግሞ የሚያልፈው በዚህ በር ነው።

የሻረግ፦ ወይዘሮ አበበችም።

ዘርትሁን፦ አማትሽ ልትሆን የነበረችው! ከፊት ነበረች አሉ። ዳንቴሏን አወቀች፤ ሆዱን አየች። በማግስቱ ሽማግሌ ልከው ቃላቸውን አነሱ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ያንቺን አምፖል አወጣው።

የሻረግ፦ አምፖል! ቂ ቂ ቂ...

ዘርትሁን፦ ትስቂያለሽ?

የሻረግ፦ ስንት ዓመት ያለቀስኩበትን አንድ ቀን ብስቅበት ምናለበት?

ዘርትሁን፦ እኔ አልስቅም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእጅ ወለምታስ በምን ይታሻል? ከዚያ ወዲህ አንዲት ሙሽራ ደጄን አልረገጠችም። «ፋኖሷ» አሉኝ። «ፋኖሷ ጋ እንዳትሰፊ፣ የሌለሽን ሆድ ታወጣብሻለች።» ይሄ እጅ በተማሪ ዩኒፎርም አለቀ። እሱስ ይሁን፣ የእጄን ነው ያገኘሁት። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

የሻረግ፦ ምን?

ዘርትሁን፦ ያን ቀን ልዘጋ ስል አንቺ ከመንገዱ ማዶ ቆመሽ ነበር። ደንገዝገዝ ብሏል፤ እኔ በሩ ላይ ሆኜ መስኮቱ አይታየኝም። «የሻረግ፣ እንዴት ነው? አማረ?» አልኩሽ። ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?

የሻረግ፦ አስታውሳለሁ።

ዘርትሁን፦ «አምሯል እትዬ፣ እንዳይነኩት» አልሽኝ። እንዲህ አምነሽኝ! ምስኪን፣ ቀሚሷን ብቻ አይታ ደስ ብሏት ሄደች እያልኩ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ያቺ ቃል ስትመጣብኝ ብቻዬን ፊቴን እሸፍናለሁ።

የሻረግ፦ ይቀመጡ እትዬ።

ዘርትሁን፦ አልቀመጥም።

የሻረግ፦ ይቀመጡ ስልዎ!

ዘርትሁን፦ ኧረ ምን ሆነሻል? ይኸው፣ ተቀመጥኩ።

የሻረግ፦ አይቼው ነበር።

ዘርትሁን፦ ምኑን?

የሻረግ፦ ሆዱን። ከማዶ ቆሜ፣ እንደ ቀን ብርሃን ነው ያየሁት።

ዘርትሁን፦ ኧረ ተይ። አይተሽማ ቢሆን «ኧረ ያጥፉት!» ብለሽ በጮኽሽ።

የሻረግ፦ አልጮኽኩም። አባቴ ለግራዝማች ቃል ሰጥቷል። የምወደው ሰው መምህር ነበር፤ ተዛውሮ ሄዷል፤ የያዝኩት የእሱን ልጅ ነው። ለልጃቸው ለጌትነት ተድሬ የሌላ ሰው ልጅ በስሙ ላሳድግበት ነው። ዛሬ ለአባቴ እነግራለሁ፣ ነገ እነግራለሁ እያልኩ አፌ ተሳሰረ። ያን ምሽት መስኮትዎን ሳየው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። እኔ ያቃተኝን ማዳም ልትናገርልኝ ነው። እርስዎ «አማረ?» ሲሉኝ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው። «አምሯል፣ እንዳይነኩት» አልኩዎት። አስቤበት ነው ያልኩት።

ዘርትሁን፦ አስበሽበት።

የሻረግ፦ አስቤበት።

ዘርትሁን፦ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቅ ደጃችሁ ስመጣስ?

የሻረግ፦ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አባቴ ሰድቦ ሲመልስዎት ሰማሁ።

ዘርትሁን፦ ሦስት ጊዜ ነው የመጣሁት።

የሻረግ፦ አራት ነው። በአራተኛው ዝናብ ነበር፤ ነጠላዎ በስብሶ ነበር።

ዘርትሁን፦ «ብር ተቀብላ ነው ያጋለጠቻት» ሲባልስ?

የሻረግ፦ እሱንም ሰምቻለሁ። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? ዝም አልኩ። ነቀዘ እትዬ! ሰው «የተበደለች፣ ምስኪን» ብሎ ሲያዝንልኝ ተመቸኝ። ጥፋቱ የእርስዎ፣ እዝነቱ የእኔ። መንገድ ላይ ሳገኝዎት ተሻግሬ የምሄደው ተቀይሜ መስሎዎት ነበር አይደል? አፍሬ ነው። ፊትዎን ማየት እያቃተኝ ነው።

ዘርትሁን፦ እኔስ? አንቺን ሽሽት አንድ ቀን የወንዶች ጸጉር ቤት ዘልዬ ገብቼ፣ «ሙሉ ነው ወይስ ዙሪያውን?» ብሎኛል ሰውዬው።

የሻረግ፦ ውይ እትዬ!

ዘርትሁን፦ አትሳቂ። አሁን አትሳቂ። እና ዛሬ ምን አመጣሽ? ይሄን ለመንገር ብቻ ነው?

የሻረግ፦ ልጄ ረድኤት ለጥር ልትዳር ነው። ቬሎዋን እርስዎ እንዲሰፉላት ነው የመጣሁት። መስኮቱ ላይ ማዳምን አይቼ ልመለስ ነበር፤ እግሬ ጎትቶ አስገባኝ።

ዘርትሁን፦ ረድኤት? ያቺ እኔን ስታይ ምራቋን ጢቅ የምትለው?

የሻረግ፦ ልጅ ሆና ነው እንጂ...

ዘርትሁን፦ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ማን ምን ብሏት ነው?

የሻረግ፦ ያው የሰፈር ሰው...

ዘርትሁን፦ ማን ነገራት አልኩሽ?

የሻረግ፦ እኔ። የስድስት ዓመት ልጅ ሆና «አባቴስ?» ብላ ስትጨቀጭቀኝ፣ «አንዲት ክፉ ሰፊ ሠርጌን አበላሸችብኝ» አልኳት።

ዘርትሁን፦ አባቷን የነጠቅኋት እኔ ነኝ ማለት ነው?

የሻረግ፦ እንደዚያ ነው የገባት። አላቀናሁትም።

ዘርትሁን፦ እኔ እኮ ለዚያች ልጅ ሻማ አበራላት ነበር! በየልደቷ፣ በየግንቦቱ። «እኔ ያሳጣኋትን አንተ ስጣት» እያልኩ።

የሻረግ፦ እትዬ፣ እባክዎን...

ዘርትሁን፦ የት ናት አሁን?

የሻረግ፦ ደጅ፣ ባጃጅ ውስጥ። አልገባም ብላ። «ከሷ እጅ ቬሎ ከምለብስ ጆንያ ብለብስ ይሻለኛል» ትላለች። «ከተማው ሰፊ ጠፍቶ ነው?» ስትለኝ ምክንያቱን መናገር አቃተኝ። በእናትነቴ አስገድጄ ነው እዚህ ያደረስኳት።

ዘርትሁን፦ በእናትነትሽ!

የሻረግ፦ እግርዎ ላይ ልውደቅ? ይቅር ይበሉኝ። የበደልኩዎትን ለመካስ ነው። ልጄ የእርስዎን ቬሎ ለብሳ ከተማው ሲያይ፣ ስምዎ ይመለሳል፤ ሙሽሮች ይመጣሉ።

ዘርትሁን፦ ተነሺ፣ ጉልበትሽን ሲሚንቶው ያቀዘቅዘዋል። ተነሺ! ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ። ተናድጃለሁ፣ እንዳልተናደድኩ አልዋሽሽም፤ ግን ገና ነው፤ ቂም ይዤ ደጀ ሰላም አልረግጥም።

የሻረግ፦ እፎይ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው ልጥራትና ይለኳት። ትንሽ ፊቷን ብታጨማድድ እንዳይቀየሙ። ነገሩን ቀስ ብዬ አስረዳታለሁ። ከሠርጉ በኋላ።

ዘርትሁን፦ ከሠርጉ በኋላ።

የሻረግ፦ አሁን እንዲህ ደስ ብሏት ሳለ ላስከፋት? ምን ትለኛለች? ዓይኗን እንዴት ብዬ ነው የማየው?

ዘርትሁን፦ እኔ የደሴን ሰው ዓይን እንዳየሁት።

የሻረግ፦ እትዬ፣ ይቅር ብዬሻለሁ አሉኝ እኮ!

ዘርትሁን፦ ብያለሁ፤ አላነሳውም። ቬሎዋንም እሰፋላታለሁ፤ ባለኝ እጅ ሁሉ አሳምሬ፣ ሰው እስኪደነቅ። ግን ያኔ መናገር ሲያቅትሽ ማዳም ተናገረችልሽ፤ ስድቡን እኔ ጠጣሁት። ዛሬ ማንም አይናገርልሽም። ሂጂ ጥሪያት፤ ሜትሬን የማነሳው አንቺ በገዛ አፍሽ፣ እዚሁ ፊቴ ቆመሽ፣ ነግረሻት ስትጨርሺ ነው።